ሦስተኛው ኩርባ

ሁለት ዓመት ተዘግቶ፣ ሣር ውጦት ከርሞ፣
በዊስኮንሲን ገጠር የኬልቪግ ሜዳ ተከፈተ ደግሞ።
አዲስ መብራት፣ አዲስ አጥር፣ አዲስ ወንበር፤
አስፋልቱ ያበራል፣ ቀለሙ እንዳልደረቀ በር።
የመጣው ሰው ብዛቱ! ላም አላቢው፣ ጥርስ ሐኪሙ፣
ፓስተሩ ከነሚስቱ፣ ጆሯቸውን በጥጥ ደፍነው ከፊት የተሰየሙ፤
ከአጥሩ ወዲያ በቆሎው፣ ሰው አክሎ በቁመቱ፣
ቲኬት ሳይቆርጥ፣ ተንጠራርቶ መመልከቱ።

እኔ ሎርና ክቫሜ ነኝ፤ በሬ ላይ ሠላሳ ስምንት ቁጥር።
ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢጫ አውቶቡስ፣ ልጅ ጢም ብሎ፣ ቀስ እያልኩ ከመንደር መንደር፤
ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀምኩትን ፍጥነት
ቅዳሜ አወጣዋለሁ፣ ሳንቲም ሳላስቀር፣ በአንድ ሌሊት።

ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጉብታ ነበር።
ከሥሩ የውሃ ቱቦ ያልፋል፤ በብርድ ወራት መሬቱ ያብጣል፣
እንግዳ ሹፌር ሲመጣ ጥርሱን ያጋጨዋል፣
መሪውን ይቀማዋል፣ ከግንቡ ያላትመዋል።
እኔ ግን አውቀዋለሁ፦
አንድ ትንፋሽ ሲቀረኝ እግሬን ከነዳጁ አነሣለሁ፣
መሪውን ላላ፣
ከዚያ ጎማው አየር ላይ ሳለ እረግጣለሁ።
አባቴ ነው ያሳየኝ። በቃል አይደለም፤
አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ ጎኑ አስቀምጦኝ፣
እዚያች ቦታ ስንደርስ በአገጩ ጠቆመኝ።
ከዚያ ወዲህ ያሸነፍኩትን ሁሉ
ከዚያች ጉብታ ነው የተበደርኩት።

አሁን ደልድለውታል።
አዲሱ ባለቤት ኦስትሬም ደግ ሰው ነው፣ ራሱ አካፋ ይዞ ሲለፋ አይቼዋለሁ።
«ሎርና፣ ያ የሚያንገጫግጭሽ ነገር ጠፋልሽ፤ እንደ ጠረጴዛ ሆኗል» አለኝ፣ ደስ እንዲለኝ።
አመሰገንኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

አረንጓዴው ባንዲራ ተውለበለበ፤
ሃያ አራት ሞተር ባንድ ጉሮሮ አገሳ፣
ጎማ ጮኸ፣ ቤንዚን አፍንጫ ውስጥ ገባ፣
እና ሦስተኛው ኩርባ ላይ
ለሌለ ጉብታ እግሬ ተነሣ።

በሁለተኛውም ዙር ተነሣ። በዘጠነኛውም።
ዓይኔ አይቷል፣ ልቤም አውቋል፣ እግሬ ግን አላመነም።
ለሞተ ሰው ሳህን እንደሚያቀርብ ቤት
ቦታ ይለቅለታል፣ በየዙሩ፣ በየሰዓቱ፣ በትሕትና፤
ስድስተኛ ነበርኩ፣ አሥራ አንደኛ ሆንኩ።
ያ ብራክስተን የሚሉት አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ልጅ፣
ጉብታውን በወሬ እንኳ የማያውቅ፣
በውስጥ በኩል አለፈኝ፣ እንደ ቆመ ነገር።
የወንድሜ ልጅ ኢቨር በራዲዮ፣
«አክስቴ፣ ሦስት ላይ ምን ነካሽ?»
«ምንም።»

በሠላሳ አንደኛው ዙር ጥርሴን ነክሼ
እግሬን በእግሬ ላይ አስገድጄ ረገጥኩ።
መኪናዋ አልዘለለችም። አልተንገጫገጨችም።
ምንም አልሆነም፤
ያ ምንም ነው ያስደነገጠኝ።
አንድ አለፍኩ፣ ሁለት አለፍኩ፣ ፊቴ ረጥቧል፣ ላብ ነው አልኩ፣
አራተኛውን በመጨረሻዋ ዙር፣ መስመሩ ላይ።
ሰባተኛ።

ብራክስተን አሸናፊነቱን አቅፎ መጣ፣
«መጀመሪያ ሦስት ላይ ለምን ትለቂው ነበር?» አለ፣
ከልቡ ሊማር።
«ጎማ እያሞቅኩ ነበር» አልኩት።
ውሸት ነው፤ ግን ለሌለ ነገር ምን ስም ይሰጠዋል?

መብራቱ አንድ በአንድ ሲጠፋ፣ ሰዉ ሲበተን፣ በቆሎው ብቻ ሲቀር፣
በጫማዬ ጫፍ ፈለግኩት፣ አስፋልቱ ገና ሞቅ እንዳለ ነበር።
ለጥ ያለ። ልሙጥ። እንዳለው፣ ጠረጴዛ።

አሮጌው ዋልዶ መጥረጊያውን ይዞ አጠገቤ ቆመ።
«ላዩን ነው እኮ ያነጠፉት» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
«ቱቦውን ማንም አልነካውም።»
ወደ ሰማይ አየሁ።
ዘንድሮ ብርዱ ይጠናል ይላሉ።